በአቢንግደን ከተማ፤ ዝገትን የሚቈርጡ ሰዎች

ከኦክስፎርድ ወደ ደቡብ ዐሥር ኪሎሜትር ያህል ሲወርዱ፣ በቴምስ ወንዝ ዳር፣ አቢንግደን የምትባል ትንሽ ጥንታዊት ከተማ ትገኛለች። የመንገደኛው ባቡር በ1963 ስለ ቀረ፣ ዛሬ ወደ እርሷ የሚሄድ እንግዳ የሚሳፈረው በአውቶቡስ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ የእኛ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ለመምህራን በተዘጋጀ አጭር ትምህርት ኦክስፎርድ ውስጥ በሰነበትሁበት ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጻ ስለ ነበርሁ፣ ይህችን ከተማ ደጋግሜ ለማየት ዕድል አገኘሁ። ያየሁትንም ለአንባቢዎች ባካፍል የሚጠላው ያለ አይመስለኝም።

አቢንግደን በስፋቷ የምታስደንቅ ከተማ አይደለችም። በወንዙ ላይ የተዘረጋው የድንጋይ ድልድይ ሥራው የተጀመረው በ1416 ነው። በገበያው አደባባይ ላይ ደግሞ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረ፣ ከታች በቅስት ላይ የቆመ፣ ከላይ ሰፊ አዳራሽ ያለው ሕንፃ አለ። ከተማይቱ አንድ የሚያስቅ ወግ አላት። ይኸውም ንጉሥ ሲነግሥ ወይም በንጉሣዊው ቤት ትልቅ ደስታ ሲሆን፣ የከተማው ሹማምንት ወደዚህ አዳራሽ ጣራ ወጥተው ለተሰበሰበው ሕዝብ ትንንሽ ጣፋጭ ዳቦ ይወረውራሉ። በ2023 ንጉሥ ቻርልስ 3ኛ ዘውድ በጫኑ ጊዜም ዳቦው እንደ ወጉ ተወርውሯል።

ነገር ግን የአቢንግደንን ስም ከእንግሊዝ አገር አውጥቶ እስከ አሜሪካና አውስትራልያ ያደረሰው ድልድዩም ዳቦውም አይደለም። ኤም ጂ የተባለችው የስፖርት መኪና ናት።

ስምንት ማዕዘን ያለው ምልክት

ዊልያም ሞሪስ የሚባል ሰው ኦክስፎርድ ውስጥ ብስክሌት በመሥራትና በመጠገን ኑሮውን ጀመረ። ከብስክሌት ወደ ሞተር ብስክሌት፣ ከዚያም ወደ አውቶሞቢል ተሸጋግሮ፣ በመጨረሻ ሎርድ ነፊልድ ተብሎ እስከ መሾም ደረሰ። ይህ ሰው መኪና የሚሸጥበትና የሚያስጠግንበት ‹‹ሞሪስ ጋራዥስ›› የሚባል ቤት ነበረው፤ ኤም ጂ የሚሉት ሁለት ፊደላትም የዚሁ ጋራዥ ስም መነሻዎች ናቸው። ሴሲል ኪምበር የተባለ ብልህ ሰው በ1922 የዚህ ጋራዥ ሥራ አስኪያጅ ከሆነ በኋላ፣ ተራውን የሞሪስ መኪና ቀለል፣ ዝቅና ፈጠን እያደረገ፣ በስምንት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈውን ምልክት እየለጠፈ ይሸጥ ጀመር። ገበያው ደራለት። በ1929 ሥራው ወደ አቢንግደን ተዛውሮ ከአንድ የቆዳ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ገባ።

የኪምበር መጨረሻ ግን ያሳዝናል። በ1941 ራሱ ካሳደገው ፋብሪካ ተሰናበተ፤ በ1945 ደግሞ ለንደን ውስጥ ኪንግስ ክሮስ በሚባለው ጣቢያ በደረሰ የባቡር አደጋ ሞተ። መኪኖቹ ግን ቀጠሉ። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዝ አገር የቆዩ የአሜሪካ ወታደሮች እነዚህን ትንንሽ መኪኖች ወድደው ስለ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ትልቁ ገበያ አሜሪካ ሆነ። በ1955 ኤም ጂ ኤ፣ በ1962 ደግሞ ኤም ጂ ቢ ወጣች። ኤም ጂ ቢ እስከ 1980 ድረስ ከ500 ሺህ በላይ ተሠርታለች፤ ብዙዎቹም ወደ አሜሪካ ተጭነዋል።

በመስከረም ወር 1979 የአቢንግደን ሰዎች የፋብሪካውን ሃምሳኛ ዓመት በሰልፍና በሙዚቃ አከበሩ። በዓሉ ባለፈ ማግስት የፋብሪካው ባለቤት ድርጅት ቤቱ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በጥቅምት 1980 የመጨረሻዋ መኪና ወጣችና በሩ ተዘጋ። ዛሬ በቦታው ሌሎች ሕንፃዎችና ድርጅቶች ቆመዋል። የኤም ጂ ስም በቻይናው ሳይክ ኩባንያ እጅ ይገኛል። በከተማዋ የቀረው በአዳራሹ ቤተ መዘክር ውስጥ የምትታየው አንዲት ኤም ጂ ቢና፣ ከዓለም ዙሪያ ደብዳቤ የሚጎርፍለት የኤም ጂ ወዳጆች ማኅበር ነው።

የቀረ ሌላም ነገር አለ። በከተማው ዳርና በአካባቢው መንደሮች፣ ቀድሞ የእህል ጎተራ ወይም ጋጣ በነበሩ ቤቶች ውስጥ፣ እነዚህን አሮጌ መኪኖች ከዝገት የሚያድኑ ባለ እጆች አሉ። እኔም ቅዳሜዎቼን ያሳለፍሁት ከእነዚህ ከአንዱ ጋራዥ ነው። ባለቤቱ በወጣትነቱ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ የሠራ፣ ጠጕሩ የሸበተ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ ሽማግሌው እያልሁ እጠራዋለሁ።

ሻንሲ የሌላት መኪና

ዝገት በዚህች መኪና ላይ ለምን እንዲህ እንደሚከፋ ለመረዳት፣ አስቀድሞ አሠራሯን ማወቅ ያስፈልጋል።

የድሮዎቹ ኤም ጂዎች እንደ ዛሬ የጭነት መኪና በወፍራም ሻንሲ ላይ የቆሙ ነበሩ። በሻንሲው ላይ የእንጨት አጥንት ይቆማል፤ በእንጨቱ ላይ ላሜራ ይለበጣል። ኤም ጂ ኤም ቢሆን እንጨቱን ብትቀንስ ሻንሲዋን አልጣለችም። በእንዲህ ያለ መኪና ላሜራው ቢዝግ መልክ ይጠፋል እንጂ መኪናው አይሰበርም። ኤም ጂ ቢ ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ላሜራው ራሱ ተጣጥፎና ተበይዶ አጥንትም ቆዳም ሆኗል። ይህ አሠራር ክብደትና ወጪ ይቀንሳል፤ ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው የቤት መኪኖች ሁሉ ማለት ይቻላል በዚሁ ዘዴ የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ጣራ ያላት መኪና ብትሆን ኖሮ ጣራው ከላይ፣ ወለሉ ከታች ሆነው ሸክሙን በተካፈሉ ነበር። ክፍቷ ኤም ጂ ቢ ግን ጣራዋ ሸራ ነው። ሞተሩ ከፊት፣ የኋላው አክስል ከኋላ ሲጫን፣ መካከሏ እንዳይታጠፍ የሚይዛት በሁለቱ በሮች ሥር በግራና በቀኝ የተዘረጋው ደፍ ነው። የቤት ደፍ ብንረግጠው ብንዘለው ግድ የለንም፤ የዚህች መኪና ደፍ ግን እንደ ቤት ምሰሶ ነው። ውስጡ ክፍት ሣጥን ሲሆን፣ የውጭ ላሜራ፣ የውስጥ ላሜራ፣ በመካከላቸው የቆመ ግድግዳ፣ ከሥር ደግሞ ጫፉ እንደ ጎንደር ግንብ ጥርስ ጥርስ ያለው መደገፊያ ብረት አለው። የላሜራው ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ ስስ ሣጥን ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ጠንካራ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ከተበላ ግን እንደ እርጥብ ካርቶን ነው።

ሽማግሌው ይህን በቃል አላስረዳኝም፤ አሳየኝ። አንዲት ቀይ ኤም ጂ ቢ ቆማ ነበር። ቀለሟ እንደ መስታወት ያበራል። በሯን ከፍቶ እንድዘጋው አዘዘኝ፤ ያለ ችግር ገጠመ። ከዚያ ከመኪናዋ መካከል ሥር ክሪክ አስገብቶ ጥቂት ከፍ አደረጋትና ‹‹አሁን ክፈተው›› አለኝ። በሩ ተይዞ እምቢ አለኝ፤ በብዙ ትግል ከተከፈተም በኋላ አልዘጋ አለ። መኪናዋ መካከሏ ላይ ታጥፋ፣ የበሩ ክፍተት ተዛብቶ ነበር። ሽማግሌው ዝም ብሎ ክሪኩን አወረደ። ባለቤቲቱ በአጠገባችን ቆማ ታይ ነበርና ፊቷ ተለወጠ።

ዝገት ምንድር ነው?

በምናስተምርበት ክፍል ሦስት ምስማር በሦስት ብርጭቆ እናስቀምጣለን። አንዱን በደረቅ አየር፣ አንዱን በተራ ውሃ፣ አንዱን በጨው ውሃ። ደረቁ ምስማር ከሳምንት በኋላ እንዳለ ነው። በውሃ ያለው ቀላ ይላል። በጨው ውሃ ያለው ግን ከሁሉ ብሶ ይዝጋል። ዝገት ማለት ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር የሚሠራው ውሕድ ነው። ጨው ራሱ ብረቱን አይበላም፤ ነገር ግን ውሃውን ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ስለሚያደርገው፣ በብረቱ ላይ ትንንሽ ባትሪዎች እንደ ተፈጠሩ ያህል አንዱ ስፍራ እየተበላ ሌላው እየተጠበቀ ሥራው ይፋጠናል።

እንግሊዝ አገር በክረምት መንገዱ በረዶ እንዳይሠራ ጨው ይበተንበታል። ጨዉም በብዛት የሚወጣው ቼሺር በተባለው አውራጃ ዊንስፎርድ ከሚገኘው የምድር ውስጥ ማዕድን ነው። ለተሽከርካሪውና ለእግረኛው ደኅንነት ነው፤ ለላሜራ ግን መርዝ ነው። ጨዋማው ጭቃ በጎማው እየተረጨ ከፓራፋንጎው ውስጥ ይገባል። በኤም ጂ ቢ የፊት ፓራፋንጎ ውስጥ፣ ከጎማው በስተኋላ፣ ጭቃ እንዳያልፍ የተሠራ መከለያ አለ። ጭቃው ግን በጠርዙ ሾልኮ ከመከለያው በስተጀርባ ይከማቻል። በዚያ ከበጋ እስከ በጋ እርጥብ ሆኖ ይኖራል። ከዚያ ጭቃ በታች ያለው ደግሞ ምንድር ነው ቢሉ፣ ያው የደፉ ፊተኛ ጫፍ ነው።

ከዚህም በላይ ዝገት ከብረቱ ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ሁለት ላሜራዎች ተደራርበው በነጥብ ብየዳ በተያያዙበት መጋጠሚያ ውስጥ ከገባ፣ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይለያያቸዋል። ስለዚህ ቀለሙ ትንሽ ሲያብጥ ያየ ሰው ‹‹ነጥብ ናት›› ብሎ መናቅ የለበትም። ያች ነጥብ የዝገቱ መጀመሪያ አይደለችም፤ ዝገቱ ከውስጥ በልቶ ጨርሶ ወደ ውጭ ብቅ ያለባት በር ናት።

መሸፈን ወይስ መቍረጥ?

የቀይዋ መኪና ባለቤት በሆስፒታል የምትሠራ ወጣት አስታማሚ ናት። መኪናዋን ከአባቷ ወረሰች። አባቷ ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ደፉን አስጠግኖ ነበር፤ ከፍሎበታልም። ሽማግሌው በቀጭን ዲስክ የውጩን ላሜራ ሰንጥቆ ሲያወርደው ግን ጥገና የተባለው ነገር ተገለጠ። አዲሱ ላሜራ በአሮጌው በበሰበሰው ላይ እንደ ልብስ ተደርቦ፣ በመካከሉ የሚደርቅ አረፋ ተነፍቶ፣ ዳርዳሩ በስቱኮ ተለስኖ፣ ከላይ ቀለም ተቀብቷል። ላዩን ሲያዩት ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ! አረፋውም እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ዝገቱን አባባሰው። ሰውየው አስጠገንሁ ብሎ ሴት ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ በአውራ ጎዳና ይነዳ የነበረው በዚህ ላይ ነበር።

አንባቢ ምናልባት ‹‹መንግሥት አይመረምርም ወይ?›› ይል ይሆናል። እኛ ቦሎ ለማግኘት መኪና እንደምናስመረምር፣ እነርሱም በየዓመቱ ያስመረምራሉ። መርማሪውም ከመሪው፣ ከፍሬኑ፣ ከሞላውና ከወንበር ቀበቶው ማሠሪያ አጠገብ፣ በ30 ሳንቲሜትር ውስጥ ያለ ብረት የተበላ እንደ ሆነ መኪናውን ይጥለዋል። ነገር ግን ከግንቦት 2018 ወዲህ፣ አርባ ዓመት ያለፋትና አሠራሯ ብዙ ያልተለወጠ መኪና ከዚህ ምርመራ ነጻ ናት። ሕጉ የታሰበው እንዲህ ያለ መኪና ጥቂት ስለሚነዳና በጥንቃቄ ስለሚያዝ ነው። ስለዚህ ዛሬ በደፉ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ አንድም የሠራው ሰው፣ አንድም የሚቈርጠው ሰው ነው።

ለአስታማሚቱ ሦስት መንገድ ነበራት። አንደኛው እንደ ገና ሸፍኖ መሸጥ ነው። ይህን አንድ ጎረቤቷ መክሯት ነበር። ሁለተኛው አዲስ አካል መግዛት ነው። ይህ ለእኛ አገር ሰው የሚያስገርም ነገር ነው፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት ከየስፍራው በተሰበሰቡት በቀድሞዎቹ ማተሚያ ቅርጾች ሙሉውን የኤም ጂ ቢ አካል እንደ ገና መሥራት ጀመረ። ሥራውም በዚያው አውራጃ በፋሪንግደን፣ በኋላም በዊትኒ ከተማ ሆነ። ሰው ሞተሩን፣ ወንበሩንና መሪውን ከአሮጌው አካል እየነቀለ ወደ አዲሱ ያዛውራል። ሦስተኛው መንገድ የታመመውን ቈርጦ ጤነኛውን ማዳን ነው።

አዲሱ አካል ጥሩና ጠንካራ መሆኑን ሽማግሌው አልካደም። ‹‹የበሰበሰው ከጤናው ከበዛ እኔም አዲሱን ግዢ እላታለሁ›› አለኝ። ‹‹የዚህችኛዋ ግን ወለሉ ደኅና ነው፤ የኋላውም ደኅና ነው። አባቷ የተቀመጠበት ላሜራ ይኸው ነው።›› መሸፈኑን ግን በአጭር ቃል ከለከለ። ‹‹ያን ካስፈለገሽ ሌላ ጋራዥ ውሰጃት። እኔ ሰው የሚሞትበትን ነገር ቀለም አልቀባም።›› አስታማሚቱ ሦስተኛውን መረጠች። ገንዘቧ ስለማይበቃ፣ መፍታቱንና ማጽዳቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷ እየመጣች ልትሠራ ተስማሙ። እኔም መፍቻ አቀባይ ሆንሁ።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው ሥራ ብረት መቍረጥ አይደለም። ባትሪ ይፈታል፤ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ወለል ሥር የተንጠለጠለው የቤንዚን ታንክ ወርዶ ከቤት ይወጣል፤ ወንበርና ምንጣፍ ይነሣል። ባዶ ነው የተባለ የቤንዚን ታንክ በትነቱ ምክንያት ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። እሳት ማጥፊያው ከበያጁ ክንድ አይርቅም። ብየዳው ካበቃም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጢስ መኖር አለመኖሩን ሳያይ ቤት የሚዘጋ የለም።

ቀጥሎ መኪናዋ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ተነሥታ በውሃ ልክ ትስተካከላለች። በበሩ ክፍተት ውስጥ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ አግዳሚ ብረት ይታሠራል። ደፉ ሲቈረጥ አካሉ እንዳይታጠፍ የሚይዘው ይህ አግዳሚ ነው። ከሁሉ የበለጠው ሕግ ግን አንዱ ጎን ተጠናቅቆ ሳይበየድ ሌላውን ጎን አለመንካት ነው። ሁለቱን ደፎች አንድ ጊዜ የቈረጠ ሰው መኪናዋ እንደ ሙዝ ተጣምማ በዚያው ትቀርበታለች፤ ከዚያ በኋላ በሩን ሊያስገጥም ቢታገል ከንቱ ነው።

ከዚያ መቍረጥ ይጀመራል። ደፉ ከፊት ከፓራፋንጎው ሥር፣ ከኋላም ከኋለኛው ፓራፋንጎ ሥር ገብቶ ስለሚዘልቅ፣ የሁለቱ የታችኛው ክፍል አብሮ መነሣት አለበት። ደፉን ከሚታየው ላይ ብቻ ቈርጦ የሚተካ ሠራተኛ ጫፎቹን በበሰበሰ ብረት ላይ ያስራል። ሽማግሌው በመዶሻ ጫፍ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የተበላው እንደ እንጨት ያፍናል። እየቈረጠ ሄዶ የሚያቆመው የሚያብረቀርቅ ብረት ሲያገኝ ነው። ‹‹ብየዳ ዝገትን አይዝም›› ይላል፤ ‹‹እሳቱ ሲነካው ቀዳዳው ይሰፋል እንጂ።›› የፋብሪካውን ነጥብ ብየዳዎች ደግሞ አንድ በአንድ በልዩ ትራፓን እየፈለፈለ ላሜራውን ሳይቀድ ይለያያል። በአንድ ጎን ብቻ እንዲህ ያሉትን ነጥቦች ስንቈጥር ውለናል።

አዲሶቹ ቍርጥራጮች ሲመጡ ወዲያው አይበየዱም። የታችኛው መደገፊያ፣ የውስጡ ግድግዳ፣ የውጩ ላሜራ በየተራ በመቈንጠጫ ይያዛሉ። ከዚያ በሩ ይሰቀልና ይዘጋል። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ካልሆነ ሁሉም ተፈትቶ እንደ ገና ይለካል። ሽማግሌው በአንድ ቀን ዐሥራ አንድ ጊዜ በሩን ሲሰቅልና ሲያወርድ አይቻለሁ። አስታማሚቱ በስምንተኛው ላይ ‹‹አይበቃም ወይ?›› ብላ ጠየቀች። ‹‹ዛሬ ሁለት ሚሊሜትር ነው፤ ከተበየደ በኋላ ግን ለዘላለም ነው›› አላት።

መጋጠሚያው ሁሉ ቀለሙ ተፍቆ፣ ብየዳን የሚያሳልፍ ዚንክ ያለበት ቀለም ይቀባል፤ ከተዘጋ በኋላ እጅ አይደርስበትምና። የፋብሪካው ነጥብ ብየዳ የነበረበት ስፍራ በአዲሱ ላሜራ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ተበስቶ፣ በያጁ ቀዳዳውን በቀለጠ ብረት ይሞላዋል። የሚጠቀምበት ሽቦ 0.6 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከአፉ አርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተቀላቀለበት ጋዝ እየወጣ የቀለጠውን ብረት ከአየር ይጠብቀዋል። ስስ ላሜራ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በአንድ ቦታ ብዙ የተበየደ እንደ ሆነ ይጨማደዳል። ስለዚህ ከዚህ አንድ ነጥብ፣ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ነጥብ፣ ከመካከል አንድ ነጥብ እያደረጉ፣ እየጠበቁና እያቀዘቀዙ ይሠራሉ። የሚቸኩል ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለእኔ ከሁሉ የማረከኝ ግን የፓራፋንጎው ታችኛ ክፍል የተሠራበት ቀን ነው። ሽማግሌው ዝርግ ላሜራ ቈርጦ፣ በአሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ በእንጨት መዶሻ እየመታ አጐደጐደው፤ ከዚያ በሁለት የብረት መንኰራኵሮች መካከል ወዲያና ወዲህ እያሳለፈ አለሰለሰው። መዶሻው ከላይ ሲመታ፣ በግራ እጁ የያዘው ትንሽ የብረት ደጋፊ ከሥር ይቀበለዋል። ዐይኑ መዶሻውን አያይም፤ መዳፉ ላሜራውን እየዳሰሰ ጐድጓዳውንና ጕብታውን ያነብባል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያ ዝርግ ብረት የፓራፋንጎውን ጥምዝ ይዞ ከአሮጌው ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ገጠመ።

በመጋጠሚያው ላይ የቀረው ጥቂት ጐድጓዳ እንደ ድሮው በእርሳስ ተሞላ። የእርሳስና የቆርቆሮ ድብልቅ ሲሞቅ፣ ወዲያው ፈሳሽ ሳይሆን ጥቂት ጊዜ እንደ ቅቤ ለስልሶ ይቆያል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሞራ በተቀባ የእንጨት ማንኪያ ይለሰናል። ከቀዘቀዘ በኋላ በእጅ ሞረድ ይስተካከላል እንጂ በማሽን አይፈጭም፤ ብናኙ መርዝ ነውና። ታዲያ ስቱኮ ክፉ ነው ወይ? አይደለም። በጤነኛ ብረት ላይ በስሱ ቢቀባ ሥራውን ይሠራል። ክፉ የሚሆነው ብረት በሌለበት ቦታ ብረት ነኝ ሲል ነው።

በመጨረሻ መጋጠሚያዎቹ ውሃ በማያሳልፍ ማሸጊያ ተደፍነው ቀለም ተቀባ። ከቀለሙ በኋላ በደፉ ውስጥ በረጅም ቱቦ ሰም ተረጨ፤ ከሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም በሽቦ ተከፈቱ። የድሮው ዝገት ከነዚህ ቀዳዳዎች መደፈን የተነሣ ነበር። መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋም። አስታማሚቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ አንሥታ በአንድ መዝገብ ሰብስባለች። ለምን እንደ ሆነ ስጠይቃት፣ ‹‹አሁን ሁሉም በቀለም ተሸፍኗል፤ አንድ ቀን ሌላ ሰው ሲገዛት፣ ከውስጥ ያለውን በእኔ ቃል ብቻ እንዲያምን አልፈልግም›› አለችኝ።

የእኛ ባትላሜራዎች

ለሽማግሌው እኛ አገር ይህ ሥራ ‹‹ባትላሜራ›› እንደሚባል ስነግረው ደስ አለው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም ላሜራ የሚመታ ማለት ነው። ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ፣ ክሪክ የምንለውም እንዲሁ ከዚያው ቋንቋ በጋራዥ በኩል የገባ ነው። ስሙ የባዕድ ቢሆንም ጥበቡ ግን ለአገራችን አዲስ አይደለም። ማረሻና ማጭድ፣ ጦርና መስቀል የሚሠሩ ቀጥቃጮቻችን ከጥንት ጀምሮ ብረትን እንደ ጭቃ ሲያዝዙት ኖረዋል። ያሳዝናል እንጂ፣ በዚሁ ሥራቸው ይሰደቡበት ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው የሚታወስ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ነገር ግን ዛሬም ቢሆን ልጁ ባትላሜራ ልሁን ሲለው ደስ የሚለው አባት ስንት ነው?

አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው አሮጌ ብረት ተመትቶ አዲስ ዕቃ ሲሆን ያያል። በየጋራዡም ያለ በቂ መሣሪያ ድንቅ ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። የሚጐድላቸው እጅ አይደለም፤ ጊዜ የሚሰጣቸው ደንበኛ ነው። ‹‹ለነገ አድርስልኝ፣ በርካሽ ይሁን፣ ላዩ ብቻ ይመር›› የምንል እኛ ነን። ሸፍኖ የሚሰጥ ጋራዥ የሚበዛው ሸፍኖ የሚቀበል ባለ መኪና ሲበዛ ነው።

ስለዚህ ከደመወዙ እየቈጠበ አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ ቀለሙን ከማየቱ በፊት ሦስት ነገር ያድርግ። በሩን ከፍቶ ይዝጋ፤ ክፍተቱ ከላይና ከታች እኩል መሆኑን ይይ። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በደፉና በፓራፋንጎው ሥር ያስኪድ፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን ይጠይቅ። በመጨረሻም የታመነ መካኒክ ይዞ ይሂድና መኪናውን በክሪክ አስነሥቶ በሩን እንደ ገና ይሞክር። ያን ጊዜ በሩ እምቢ ካለ፣ ሻጩ የሚናገረውን ትቶ የበሩን ምስክርነት ይቀበል።